አማሮኔ፦ ጠውልጎ የሚጨመቀው ወይን

በሰሜን ጣሊያን፣ ከቬሮና በላይ ባሉት የቫልፖሊቼላ ኮረብታዎች፣ ለአማሮኔ የተመረጠ የወይን ፍሬ እንደተለቀመ አይጨመቅም። ኮርቪናና ሮንዲኔላ የተባሉት ዝርያዎች በቀርከሃ ቆጥ ወይም በሣጥን ተሰጥተው፣ ነፋስ በሚገባበት ሰገነት ሦስት ወር ያህል ይከርማሉ። ቆዳቸው ይጨማደዳል፣ ክብደታቸው ቢያንስ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል፤ ስኳራቸው ግን ይጠናል። በዚህ መሃል ሻጋታ ከገባ የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ዘዴው ጥንታዊ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጎቶች ሹም የነበረው ካሲዮዶሩስ፣ ከጠወለገ ፍሬ የሚጠመቀው የቬሮና ወይን ጠጅ ለንጉሥ ማዕድ እንዲፈለግ ጽፏል።

ለረጅም ዘመን ስመ ጥር የነበረው ግን ከዚሁ ከጠወለገ ፍሬ የሚጠመቀው ጣፋጭ ወይን ጠጅ፣ ሬቾቶ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 አንድ በርሜል ሬቾቶ ተረስቶ፣ ስኳሩ ወደ አልኮል ተለውጦ እስኪያልቅ በመፍላቱ አማሮኔ ተገኘ ይባላል፤ ነገሩ ሲወራ ሲወራ ሳያምር አልቀረም። የአማሮኔ አልኮል ከ14 በመቶ አያንስም፤ ለገበያ ከመቅረቡ በፊትም ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆያል።

አተላው እንኳ አይደፋም። ቀለል ያለው የቫልፖሊቼላ ወይን ጠጅ በላዩ ፈስሶ እንደገና ይፈላና፣ ሪፓሶ ተብሎ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል።