ክትባቱ ከቫይረሱ ጋር እንዲገጥም ናሙና በጊዜ ይላክ

የአፍና እግር በሽታ የያዘው በሬ ለሃጩን ያዝረበርባል፤ ያነክሳል፤ መኖ አይቀምስም። በበሽታው የሚሞት ትልቅ ከብት ጥቂት ነው። ሆኖም ጥማድ በሬ በእርሻ ወቅት ለሳምንታት ከዋለ ማሳው ጦም ያድራል። የላሟም ወተት ይቀንሳል፤ ጥጃ ደግሞ ልቡ ተጎድቶ በድንገት ሊሞት ይችላል።

ከብቶች ተከትበውም በሽታው የሚገባበት ጊዜ አለ። ይህ ሲሆን አርሶ አደሩ ክትባቱን ይጠራጠራል። ምክንያቱ ክትባቱ ቅዝቃዜው ሳይጠበቅ መጓጓዙ ወይም ድጋሚው በወቅቱ አለመሰጠቱ ሊሆን ይችላል። ሌላው ምክንያት ክትባቱ ከአካባቢው ቫይረስ ጋር አለመግጠሙ ነው።

ቫይረሱ ኦ፣ ኤ፣ ሲ፣ እስያ 1፣ ሳት 1፣ ሳት 2 እና ሳት 3 የሚባሉ 7 ዓይነቶች አሉት። ለአንዱ የተሠራ ክትባት ከሌላው አይከላከልም። በአንዱ ታሞ የዳነ ከብትም በሌላው ዳግም ይያዛል። በኢትዮጵያ ኦ፣ ኤ እና ሳት 2 በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። ቫይረሱ ሲባዛ ዘረመሉን በትክክል ስለማይገለብጥ በአንድ ዓይነት ውስጥም ልዩነት ይፈጠራል።

ልዩነቱ የሚለየው በላቦራቶሪ ነው። በመጀመሪያ ኤላይዛ በተባለው ምርመራ የቫይረሱ ዓይነት ይታወቃል። ፒሲአር ደግሞ በናሙናው ውስጥ ያለውን ጥቂት ዘረመል አባዝቶ ለንባብ ያበቃል። የቫይረሱ ሙሉ ዘረመል ከ8 ሺህ በላይ ፊደላት አሉት። ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚያነቡት የውጭ ሽፋኑን የሚሠራውን፣ 630 ያህል ፊደላት ያሉትን ክፍል ነው። ይህም ከሌላ አካባቢ ቫይረሶች ጋር ፊደል በፊደል ይነጻጸራል። ልዩነቱ 15 በመቶ ገደማ ሲደርስ በሌላ የዘር ሐረግ ይመደባል። በዚህም ወረርሽኙ ከየት እንደመጣ ፍንጭ ይገኛል።

የክትባቱን መግጠም ለማረጋገጥ የተከተበ ከብት የደም ውሃ ከአካባቢው ቫይረስ ጋር ይፈተናል። ቫይረሱን የመግታት አቅሙ፣ ክትባቱ የተሠራበትን ቫይረስ ከሚገታበት አቅም ጋር ሲነጻጸር 0.3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትባቱ ይገጥማል ተብሎ ይታሰባል።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከቀበሌ ነው። አርሶ አደሩ ምልክቱን እንዳየ የታመመውን ከብት ለይቶ፣ ወደ ገበያና ወደ ወል ግጦሽ ሳያወጣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ አለበት። ባለሙያው ካልፈረጠ ወይም ገና ከፈረጠ የምላስ ወይም የድድ ቁስል ቢያንስ 1 ግራም ልጣጭ ይወስዳል። ቁስሉ ከቆየ ቫይረሱ ላይገኝ ይችላል። ቫይረሱ በአሲድ ቶሎ ስለሚሞት ናሙናው በተገቢው ማቆያ ፈሳሽ ተደርጎ፣ ቅዝቃዜው ተጠብቆ መላክ አለበት።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም የናሙና ዕቃ፣ በረዶና መጓጓዣ አስቀድመው ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል። የቫይረሱ ዓይነት ሳይታወቅ የሚሰጥ ክትባት ገንዘብንም የአርሶ አደሩን እምነትም ያባክናል።