ሀክ አልተደረጋችሁም፣ ቫሪያብላችሁ ባዶ ነው

ዛሬ አንድ ደንበኛችን ጋ የስቴጂንግ ብራንች ከሰርቨር ላይ ብን ብሎ ጠፋ። ወዲያው ግሩፑ ላይ "ሀክ ተደርገናል"፣ "የጊት ባግ ነው፣ ቨርዥን አሻሽሉ" ተጀመረ። ኧረ በፈጠራችሁ! ሎግ ማንበብ እኮ አያስከፍልም።

የዲፕሎይ ስክሪፕቱ ጊት ፑሽ ኦሪጅን ይልና የምንጩን ብራንች ከቫሪያብል ወስዶ፣ ኮለን አድርጎ፣ ስቴጂንግ ብሎ ይጨርሳል። ቫሪያብሉ ባዶ ሲሆን ከኮለኑ በስተግራ ምንም አይቀርም። ይሄ ለጊት "ስቴጂንግን ሰርዝ" ማለት ነው። ዶክመንቴሽኑ ላይ በግልጽ ተጽፏል። የታዘዘውን አደረገ፣ አለቀ።

1. "በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጉት" ለምትሉ፦ እዚህ አይሠራም። ጥቅስ የሚያድነው ጊት ክሊን ላይ ነው። እዚያ ባዶ የፎልደር ስም ያለ ጥቅስ ከተጻፈ ከትእዛዙ ውስጥ ይጠፋና የቆማችሁበት ፎልደር ውስጥ ገና አድ ያልተደረገው ሁሉ ይጠረጋል። በጥቅስ ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 2.16 ወዲህ ኤረር ሰጥቶ ይቆማል። ፑሽ ላይ ኮለኑ ስላለ ጽሑፉ ባዶ አይደለም፤ ጊት ምን ብሎ ይጠርጥር?

2. ሴት ማይነስ ዩ! ይሄን እንደ ጸበል በየስክሪፕቱ የምትረጩት ማን አስተምሯችሁ ነው? የሚይዘው ጭራሽ ያልተፈጠረ ቫሪያብልን ብቻ ነው። ሲአይ ፎርሙ ላይ ሳይሞላ የተላከ ሳጥን ግን ቫሪያብሉን ይፈጥረዋል፤ አለ፣ ግን ባዶ ነው። ማይነስ ዩ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። የሚያስቆመው በጠማማው ቅንፍ ውስጥ ከስሙ ቀጥሎ ኮለንና የጥያቄ ምልክት ማድረግ ነው። ኮለኑን ከዘለላችሁት ባዶው እንደገና ያልፋል። ይሄን ለስንት ሰው፣ ስንቴ እንደተናገርኩ!

ኤክስአርግስም ያው ነው፣ የጂኤንዩው ባዶ ቢደርሰውም ትእዛዙን አንዴ ያስኬዳል፤ ማይነስ አር ጨምሩ።

ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ብራንች በፑሽ እንዳይሰረዝ የሚከለክለውን ሪሲቭ ዲናይዲሊትስን ማብራት አንድ መስመር ነው። ሥራው የተሰጠበት የጨረታ ሰነድ ግን የሰርተፍኬት ኮፒ፣ የልምድ ደብዳቤ፣ ማህተም በየገጹ ይጠይቃል። ብራንች መሰረዝ የሚችለው ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። የጨረታ ኮሚቴው ማህተሙን አይቶ አጸደቀ።

ለማንኛውም ኮዱ አለ። በቅርብ ፌች ያደረገ ልጅ ላፕቶፑ ላይ ስላለ መልሶ ፑሽ ያድርገው። እስከዚያ ፌች በፕሩን የሚያደርግ ሰው እንዳላይ፣ ላፕቶፑ ላይ የቀረውንም ይጠርገዋል!