ስለ ድቅል ፒክአፕ መኪናዎች የነዳጅ አጠቃቀምና የጉዞ ስልቶች አሰያየም

ፒክአፕ የሚባለው መኪና በአገራችን ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህም ለክፍሎቹ የሚያስፈልገው ቃል በአብዛኛው አለ፤ ከጣልያንኛ የመጡት ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማና ጋቢና ዛሬ ባዕድነታቸው የማይሰማ የአማርኛ ቃላት ሆነዋል። ተርጓሚን የሚያስቸግረው አዲሱ ዓይነት ነው፤ ይኸውም የቤንዚን ሞተርንና የኤሌክትሪክ ሞተርን አጣምሮ የያዘው ፒክአፕ። የዚህ መኪና መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚያሰናክሉት ቃላት ከሞተሩ ውስጥ የሚወጡ ረቂቅ ስሞች አይደሉም፤ በሽፋኑና በመደወሪያው ላይ የተጻፉት ተራ የሚመስሉ ቃላት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ስለነዚሁ ቃላት ያለንን አስተያየት እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ስለ መኪናው ስም። እንግሊዝኛው የተዋሰው የላቲን ቃል ከለማዳ እሪያና ከዱር እሪያ የሚወለደውን ግልገል የሚያመለክት ነበር። የአማርኛው አቻ «ድቅል» ሲሆን፣ በግብርና ጽሑፎች «ድቅል በቆሎ» እየተባለ ከቆየ ወዲህ ነውር የሌለበት የሙያ ቃል ሆኗል። ከዚያው ሥር የወጣው «ዲቃላ» ግን የስድብ ጠባይ ስላለው ለመኪና ስም ሊሆን አይገባም። እስከዚህ ድረስ ክርክር ያለ አይመስለንም። ጥንቃቄ የሚያሻው «ድቅል» እና «የኤሌክትሪክ መኪና» ሲቀላቀሉ ነው። በ2021 ሞዴል የወጣውን ፎርድ ኤፍ-150 ድቅል እንውሰድ። የኤሌክትሪክ ሞተሩ 35 ኪሎ ዋት፣ ባትሪው 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የሙቀት ኃይል ስለሚይዝ፣ የባትሪው ሙሉ ክምችት የአንድ ሊትር ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። መኪናው ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት አይሞላም፤ በባትሪው ውስጥ ያለው ኃይል ሁሉ መነሻው በማደያ የተቀዳው ቤንዚን ነው። ስለዚህ «በኤሌክትሪክም በነዳጅም ይሠራል» የሚለው አተረጓጎም አንባቢ ከሁለት ምንጭ እንደሚቀዳ እንዲያስብ ያደርገዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ እንዲህ ያለው የቃል መደባለቅ ከመዝገበ ቃላት አልፎ የገዢንና የአስመጪን ኪስ የሚነካ ነገር ሆኗል። ከውጭ የሚሞላውን ዓይነት «ተሞሊ ድቅል»፣ የማይሞላውን «ድቅል» ብቻ ብሎ መለየት ይበቃል።

ሁለተኛው ቃል የነዳጅ «ኢኮኖሚ» የሚባለው ነው። «የነዳጅ ኢኮኖሚ» ብሎ ማስቀመጥ አይቻልም፤ አንባቢ ነዳጅ ሸጠው ስለሚኖሩ አገሮች የተጻፈ ይመስለዋል። «የነዳጅ ቁጠባ» ይሻላል፤ ሆኖም ቁጠባ የባለቤቱ ድርጊት ነው፣ መኪና አይቆጥብም። «የነዳጅ ፍጆታ» ደግሞ ጥሩ ቃል ቢሆንም አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። አሜሪካውያን በአንድ ጋሎን ስንት ማይል እንደሚኬድ ይለካሉ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ደግ ነው። አውሮፓውያን 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግ ይለካሉ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ደግ ነው። የእኛ ሾፌር «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ብሎ ስለሚጠይቅ ልማዱ ከአሜሪካውያኑ ወገን ነው፤ ነገር ግን ወዲያው «ይቺ መኪና ነዳጅ ትበላለች» ሲል ወደ ሁለተኛው ወገን ይሻገራል። እርሱ አይሳሳትም። የሚሳሳተው «ፍጆታው ከ9 ወደ 11 አደገ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከአሜሪካ ጽሑፍ የሚመልሰው ተርጓሚ ነው፤ ምስጋናው ነቀፌታ ይሆንበታል።

ለመጀመሪያው ልክ «አብቃቂነት» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። «ማብቃቃት» የጓዳ ቃል ነው፤ ያለው ጥቂት ነገር እስከሚፈለግበት ድረስ እንዲደርስ ማድረግን ያመለክታል። «ኢኮኖሚ» የተባለው የግሪክ ቃልም በመነሻው የቤት አስተዳደር ማለት ስለነበረ፣ ሁለቱ ከአንድ ጓዳ የወጡ ናቸው ብንል አላጋነንም። እንግዲህ በሊትር የሚኬደው ርቀት አብቃቂነት፣ በ100 ኪሎ ሜትር የሚቃጠለው ነዳጅ ፍጆታ ይባል። የ2022ቱ ፎርድ ማቬሪክ ድቅል በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ በአማካይ በጋሎን 37 ማይል ይሄዳል፤ ይህ በአብቃቂነት በሊትር 15.7 ኪሎ ሜትር፣ በፍጆታ በ100 ኪሎ ሜትር 6.4 ሊትር ነው። የኤፍ-150ው ድቅል በኋላ ጎማ ብቻ ሲነዳ 25 ማይል ነው፤ ይኸውም 10.6 ኪሎ ሜትር በሊትር፣ ወይም 9.4 ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር።

ሁለቱ ልኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሆኑ እኩል አይራመዱም። በሊትር 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት መኪና ወደ 6 ቢሻሻል በ100 ኪሎ ሜትር 3.3 ሊትር ያተርፋል፤ በሊትር 15 የሚሄድ ትንሽ መኪና ወደ 16 ቢሻሻል የሚያተርፈው ግን 0.4 ሊትር ብቻ ነው። ላሪክና ሶል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሰዎች በዚህ ረገድ በጋሎን ማይል ስሌት እንደሚታለሉ አሳይተዋል፤ ከ2013 ሞዴል ጀምሮም በአሜሪካ በአዲስ መኪና መስኮት ላይ የሚለጠፈው ምልክት በ100 ማይል የሚቃጠለውን ጋሎን ጭምር ይናገራል። ከባድ ፒክአፕን ድቅል ማድረግ ትርፍ ያለው መሆኑ የሚታየውም በፍጆታ ቁጥር ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ቁጥሩን ከአንዱ ልክ ወደ ሌላው ካሻገረ «ጨመረ» እና «ቀነሰ» የሚሉትን ግሦችም አብሮ ማሻገር አለበት።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያከራክረው እንግሊዞቹ «ሞድ» የሚሉት ነው። ቃሉን እንዳለ መዋስ የሚመርጡ አሉ፤ የወጣቱን «ሙድ መያዝ» ለሚያውቅ ጆሮ ግን መኪናው የሚያፌዝበት ይመስለዋል። አማርኛ የራሱ የአኳኋን ስም አወጣጥ አለው፤ ከ«ሄደ» «አካሄድ»፣ ከ«ተናገረ» «አነጋገር»፣ ከ«ነዳ» «አነዳድ» ይወጣል። «አነዳድ» በቅርጹ የተዋበ ቢሆንም የሾፌሩ ነው። «አነዳድህን ለውጥ» ቢባል ሾፌሩ ጠባዩን ያርማል እንጂ መደወሪያውን አያዞርም።

ከዚህም በላይ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። አንደኛው ሾፌሩ በመደወሪያ ወይም በቁልፍ የሚመርጠው ነው፤ ማቬሪኩ ለምሳሌ መደበኛ፣ ቁጠባ፣ ስፖርት፣ የሚያንሸራትት መንገድ፣ ተሳቢና ጭነት የሚባሉ አሉት። ሁለተኛው መኪናው ማንንም ሳይጠይቅ የሚገባበት ነው፤ በባትሪ ብቻ መሄድ፣ በቤንዚን ብቻ መሄድ፣ ሁለቱን ማጣመር፣ ፍሬን ሲያዝ ኃይልን ወደ ባትሪ መመለስ። የመጀመሪያውን «ስልት»፣ ሁለተኛውን «ሁነታ» እንበል። ስልት የሰው አሳብ ያለበት ነው፤ ሁነታ «ሆነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ አድራጊ አይሻም። ይህ ልዩነት ለጌጥ የመጣ አይደለም። የድቅል መኪና ትርፍ በአብዛኛው የሚገኘው ከሁነታዎቹ ነው፤ ሞተሩ በመብራት ላይ መጥፋቱ፣ በዝግታ ሲኬድ ባትሪው መረዳቱ፣ ቀድሞ በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀር የነበረው ኃይል መመለሱ። ማቬሪኩ በከተማ 42 ማይል በጋሎን፣ በአውራ ጎዳና ግን 33 መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው፤ በተራ መኪና ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የቁጠባ ስልት የሚሠራው ከዚህ ያነሰ ነው። ነዳጅ መስጫው እኩል ሲረገጥ ሞተሩ ለስለስ ብሎ እንዲመልስ ያደርጋል፣ በብዙዎቹም የማቀዝቀዣውን ሥራ ይቀንሳል። ሾፌሩ ቸኩሎ ጠለቅ አድርጎ ከረገጠ ትርፉ የለም። ስለዚህ «ቆጣቢ ስልት» ከማለት «የቁጠባ ስልት» ማለትን እንመርጣለን። «ቆጣቢ» ስልቱ ራሱ ይቆጥባል ብሎ ይመሰክራል፤ «የቁጠባ» ግን ለምን እንደተዘጋጀ ብቻ ይናገራል።

(እዚህ ላይ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ሼቭሮሌት ሲልቬራዶ «ባለ ሁለት ሞድ ድቅል» ይባል እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። ሁለቱ የሾፌር ምርጫ ሳይሆኑ ካምቢዮው ራሱ የሚቀያይራቸው ስለነበሩ፣ በእኛ አከፋፈል «ባለ ሁለት ሁነታ» ይሆናል።)

ተሳቢና ጭነት ላልነው ስልት «የመጎተትና የመጫን ስልት» የሚል አማራጭ ሊቀርብ ይችላል፤ ቃል በቃል ትክክል ነው። ጉዳቱ ከፊደላችን ይመጣል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይጽፍም። «መጎተት» ጎ ላልቶ ሲነበብ የ«ጎተተ» ንዑስ አንቀጽ ነው፤ መኪናው ሌላውን ይጎትታል። ጎ ጠብቆ ሲነበብ የ«ተጎተተ» ነው፤ መኪናው በሌላ ይጎተታል። በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። «መሳብ» ቢባልም ያው ነው። «መጫን» ደግሞ ይብሳል፤ ጫ ሲላላ ዕቃ ማሳፈር፣ ሲጠብቅ ወይ በዕቃ መሞላት ወይ ቁልፍን በጣት መርገጥ ነው። በመኪና መመሪያ ውስጥ ሁለቱም ምዕራፎች ይገኛሉ፤ አንዱ ተሳቢ ስለማስከተል፣ ሌላው የተበላሸ መኪና በሌላ መኪና ስለመወሰዱ። አንዳንድ ድቅል መኪናዎች የሚነዱት ጎማዎች መሬት እንደነኩ ቢጎተቱ የኤሌክትሪክ ሞተራቸው ወይም ካምቢዮአቸው ሊጎዳ ስለሚችል፣ «በመጎተት ጊዜ ይህን ስልት ይምረጡ» የሚል ዓረፍተ ነገር በተቃራኒው ቢነበብ ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል።

መፍትሔው በቋንቋው ውስጥ አለ። በዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሳቢውን በ«ን» ማመልከት፣ «ተሳቢን መጎተት» ማለት፣ ገቢሩን ይለያል። ለተበላሸው መኪና «ማስጎተት» አለልን፤ ይህን ማንም በተቃራኒው አያነበውም። ቦታ በሌለበት በመደወሪያው ላይ ግን ግሡን ጨርሶ ትቶ በስም መጠቀም ይሻላል። ሾፌሮች «ተሳቢ ይዞ መሄድ» ስለሚሉ «የተሳቢና የጭነት ስልት» ከአፋቸው የተወሰደ ይሆናል።

የዚህ ስልት ዋና ዓላማ አብቃቂነት አይደለም። በአቀበት ማርሹን አቆይቶ ይይዛል፣ በቁልቁለት በሞተሩ ኃይል መኪናውን ለመግታት ማርሹን ያከብዳል። እንግሊዝኛው «ዝቅተኛ ማርሽ» የሚለውን የእኛ ሾፌር «ከባድ ማርሽ»፣ «ከፍተኛ» የሚለውን «ቀላል ማርሽ» ይለዋል፤ ተርጓሚ ይህን ትቶ ዝቅና ከፍ ሊል አይገባም፤ ለሾፌሩ ክብደት በእጅና በጆሮ የሚታወቅ ነገር ነውና። በድቅል መኪና ላይ ነገሩ የበለጠ ይጠብቃል። 2,500 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ፒክአፕ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 6.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ከዚህ ከፊሉ በነፋስና በጎማ ቢጠፋም፣ የ1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከሥር ሳይደረስ ሞልቶ ያቆማል። ዓባይ በረሃን የሚወርድ ሰው ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከዚህ የሚበልጥ ቁልቁለት አለበት። ባትሪው ሲሞላ ኃይል የሚመልሰው ፍሬን ረዳትነቱ ይቀርና ሥራው ወደ ፍሬን ሸራውና ወደ ከባዱ ማርሽ ይመለሳል። ለዚህ ዓይነቱ ፍሬን «ኃይል መላሽ ፍሬን» የሚለውን ስም እናቀርባለን። «ታዳሽ ፍሬን» ማለት ግን ፍሬኑ ራሱ እንደ አዲስ የሚሆን፣ ሸራውም የማያልቅ ያስመስላል።

የቀሩት ስልቶች ብዙ አያከራክሩም። «ስፖርት» እንዳለ ቢቀር ጉዳት የለውም፤ «ፈጣን ስልት» ማለት ግን መኪናው በራሱ ይፈጥናል የሚል ስሜት ስለሚሰጥ አንደግፈውም። የበረዶ፣ የአሸዋና የጭቃ ስልቶች በየመንገዱ ስም ቢጠሩ ይበቃል። ለመደወሪያው አጫጭር ጽሕፈት ሲያስፈልግ «መደበኛ»፣ «ቁጠባ»፣ «ስፖርት»፣ «ተሳቢ» በቂ ናቸው፤ ከእነርሱ ረጅሙ አራት ፊደል ስለሆነ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ቦታ አይወስዱም።