ፍሎረንስን ያስተዳደሩ የሙያ ማኅበራት

በነሐሴ 1434 እ.ኤ.አ. ፊሊፖ ብሩኔለስኪ ታሰረ። ዛሬም ድረስ ጉድ የሚያሰኘው የፍሎረንስ ካቴድራል ጉልላት በእሱ መሪነት ሊያልቅ ሁለት ዓመት ያህል ነበር የቀረው። ያሳሰረው የግንበኞችና የአናጢዎች ማኅበር ሲሆን ጥፋቱም መዋጮ አለመክፈሉ ነው። ብሩኔለስኪ በወርቅ አንጥረኛነቱ የሐር ሠሪዎችና ነጋዴዎች ማኅበር አባል ነበር፤ ግንበኞቹ ግን በእኛ ሙያ የሚሠራ ሁሉ ለእኛ ይክፈል አሉ። ያስፈታው የጉልላቱ አሠሪ ጽሕፈት ቤት ነው።

የአገሩን ታላቅ መሐንዲስ ወህኒ የሚያወርድ ማኅበር ምን ዓይነት ነው? አውሮፓውያን ጊልድ፣ ፍሎረንሶች ደግሞ አርቴ ይሉት ነበር። ልጅ በውል ለአንድ ባለሙያ ይሰጥና ለዓመታት እያገለገለ ሙያውን ይማራል፤ ሲበቃ የመመዝገቢያውን ከፍሎ በራሱ ስም ሱቅ ይከፍታል። ማኅበሩ የዕቃውን ጥራት ይቆጣጠራል፣ ያጭበረበረውን ይቀጣል፣ በአባላቱ መካከል የተነሣውን ክርክር በራሱ ዳኞች ይፈርዳል። የተቸገረ አባሉን ይረዳል፣ የሞተውንም ይቀብራል፤ በዚህ ጎኑ ከእኛ እድር ብዙም አይርቅም።

ፍሎረንስ የተለየችው ማኅበራቱን ወደ መንግሥት በማውጣቷ ነው። በ1293 የወጣው ሕግ ኃያላኑን ባላባቶች ከከተማይቱ ከፍተኛ ሹመት አግልሎ ሥልጣኑን ለማኅበር አባላት ሰጠ። ማኅበራቱ 21 ነበሩ። ሰባቱ ታላላቆች የዳኞችና የውል አዋዋዮች፣ የሱፍ፣ የሐር፣ የባንከሮች፣ የሐኪሞችና የመድኃኒት ቀማሚዎች የመሳሰሉት ሲሆኑ፣ ሥጋ ሻጩ፣ ቀጥቃጩ፣ ጫማ ሰፊውና ዳቦ ጋጋሪው በ14ቱ ታናናሾች ውስጥ ነበሩ። ገጣሚው ዳንቴ እንኳ ለሹመት እንዲበቃ በሐኪሞቹና በመድኃኒት ቀማሚዎቹ ማኅበር ተመዝግቧል፤ በ1300ም ከከተማዋ መሪዎች አንዱ ሆነ።

ክብራቸውን በዓይን ማየት የሚሻ ኦርሳንሚኬሌ ወደሚባለው የቀድሞ የእህል ገበያ ይሂድ። ዙሪያውን በግድግዳው በተሠሩት ጎድጓዳ ቦታዎች ብዙዎቹ ማኅበራት የየጠባቂ ቅዱሳቸውን ሐውልት አቁመዋል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የግንበኞቹና የአናጢዎቹ ነው። ናኒ ዲ ባንኮ የቀረጻቸው አራት ሰማዕታት ከላይ ቆመዋል፤ ከእግራቸው ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ ግን ተራ ሠራተኞች ሥራ ላይ ናቸው። አንዱ ግንብ ይገነባል፣ አንዱ ዓምድ ይሰረስራል፣ አንዱ በኮምፓስ ይለካል፣ አንዱ የሕፃን ምስል ይቀርጻል። መዶሻ የያዘ እጅ ከቅዱሳን ጋር በአንድ ቦታ መቀመጡ፣ እነዚህ ሰዎች ሙያቸውን ምን ያህል ያከብሩት እንደነበር ይናገራል።

ይህ ክብር ግን ለሁሉም አልተዳረሰም። ካቴድራሉን ያሠራው ባለጸጋው የሱፍ ማኅበር የነጋዴዎቹ ነበር፤ ሱፉን የሚያበጥሩት፣ የሚያጥቡትና የሚያፍታቱት ቀን ሠራተኞች በማኅበሩ ሕግ ይገዛሉ፣ በዳኞቹ ይቀጣሉ እንጂ አባል መሆን አይችሉም። የራሳቸውን ማኅበር ማቋቋምም ተከልክለው ነበር። በ1345 ቹቶ ብራንዲኒ የተባለ የሱፍ ሠራተኛ ባልደረቦቹን ለማደራጀት በመሞከሩ ተሰቀለ። በ1378 ክረምት ቾምፒ የሚባሉት እነዚሁ ሠራተኞች አምፀው የመንግሥቱን ቤተ መንግሥት ያዙ፤ ሱፍ አበጣሪው ሚኬሌ ዲ ላንዶም የከተማው ሹም ተባለ። የጠየቁት የማኅበራቱን መፍረስ አልነበረም፤ የራሳቸውን ማኅበር ነው የጠየቁት፤ ሦስት አዳዲስ ማኅበራትም ተፈቀዱ። የቾምፒዎቹ ማኅበር በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ፤ ሁለቱ ደግሞ እስከ 1382 ብቻ ቆዩ። ነባሮቹ ማኅበራት ግን ኃይላቸው እየተመናመነ፣ የቶስካና መስፍን ፒዬትሮ ሌኦፖልዶ በ1770 አፍርሶ በንግድ ምክር ቤት እስኪተካቸው ድረስ ዘለቁ።