«ግድ የለም፣ ሶፍትዌር ያወጣዋል»

በሰርግ ቪዲዮ ቀራጮች መካከል ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ አንድ ምክር አለ። ሚሞሪ ካርዱ ስህተት ካሳየ ወይም የተቀረጸው በድንገት ከጠፋ «ግድ የለም፣ ፎርማት አድርገውና ሥራህን ቀጥል፤ የጠፋውን ማታ ሶፍትዌር ያወጣዋል» ይባላል። ምክሩን የሚሰጡት በሥራው የቆዩ ሰዎች ስለሆኑ ይታመናሉ። ዳፋው የሚወድቀው ግን ካሜራ ከያዘ ዓመት ባልሞላው ልጅ ላይ ነው፤ ከእሱም አልፎ ያ ቀን ዳግም በማይመጣላቸው ሙሽሮች ላይ።

በዚህ ምክር የተሠራበት የአንድ ጀማሪ ልጅ ካርድ ሲፈተሽ አጠገቡ ነበርኩ። ካርዱ መናፈሻ ላይ ስህተት አሳይቶ ፎርማት ተደርጓል፣ ማታም አዳራሽ ውስጥ ተቀርጾበታል። ሶፍትዌሩ ረጅም የፋይል ዝርዝር ሲያወጣ ልጁ እፎይ አለ። የመናፈሻው ተገኘ፤ ኬክ ቆረሳውም ጭፈራውም አለ። የሌለው ጠዋቱ ነው። ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ስማ ስትሰናበት፣ ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከለከሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀለበት ሲታሰር የተቀረጸው ሁሉ በነበረበት ቦታ ላይ የአዳራሹ ጭፈራ ተጽፎበታል። ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ፎርማት የተደረገ ካርድ ብዙውን ጊዜ መጻፍ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቦታ ስለሆነ፣ ቀድሞ የሚጠፋው ቀድሞ የተቀረጸው ነው።

እምነቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ፈጣን ፎርማት የሚያጠፋው መዝገቡን እንጂ ምስሉን አይደለም። የቀበሌ መዝገብ ላይ ስምህ ቢፋቅ ቤትህ ያን ዕለት አይፈርስም፤ ቦታው ግን ባዶ ነው ተብሎ ለሌላ ይሰጣል፣ ያም ሰው አፍርሶ ይሠራበታል። ክሊፕ መሰረዝም ከዚህ አይርቅም። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ኤስዲ ካርዶች የሚጠቀሙበት ኤክስፋት የተባለው የፋይል ሥርዓት፣ አንድ ክሊፕ ሲሰረዝ «በሥራ ላይ ነው» የምትለዋን ምልክት ያነሳል፤ ክሊፑ የት እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሆነ የሚናገረው መረጃ ሌላ እስኪጻፍበት ይቆያል። ምክሩም በፎቶ ላይ ተሞክሮ ሠርቷል። አንድ ፎቶ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ መነሻው በቀላሉ ይለያል፣ አካሉም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ተቀምጧል። ፎቶሬክን የመሰለ ነጻ ሶፍትዌር ካርዱን ከዳር እስከ ዳር አስሶ ይለቅመዋል። ከብዙ መቶ ፎቶ አምስት ቢጎድል ደግሞ የሚያስተውል የለም።

ቪዲዮ ላይ ነገሩ ይለወጣል። በሴኮንድ 400 ሜጋቢት የሚጽፍ ሲኒማ ካሜራ በደቂቃ 3 ጊጋባይት ይሞላል። «ትንሽ ብቀርጽበት ምን ይሆናል» የተባለላት ዐሥር ደቂቃ 30 ጊጋባይት የሚሆን የቀድሞ ቀረጻ ልትደመስስ ትችላለች። በዚያ ላይ በኤምፒ4 እና በኤምኦቪ ፋይሎች ውስጥ እያንዳንዱ ምስልና ድምፅ የት እንዳለ የሚናገረው ክፍል በአብዛኛው የሚጻፈው ቀረጻው ሲቆም ነው። ባትሪው በመሃል ካለቀ ምስሉ ካርዱ ላይ እያለ የሚከፍተው ይጠፋል። አንዳንድ ክሊፕ እየሰረዙ ቦታ የማስለቀቅ ልማድ ካለ ደግሞ አዲሱ ክሊፕ በክፍተቶቹ ተበታትኖ ይጻፋል፤ ሶፍትዌሩ መነሻውን ቢያገኝም ተከታዩ ቁራጭ የት እንዳለ የሚነግረው የለም። እንዲህ የወጣ ፋይል መጠኑ ሙሉ ይመስላል፤ ሲከፈት ግን ጥቂት ሴኮንድ አሳይቶ ምስሉ በግራጫ ካሬዎች ይሸፈናል።

ከዚህ የሚብሰው ፎርማት ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ሲኤፍኤክስፕረስ ካርዶችና ካሜራ ላይ የሚሰኩ ኤስኤስዲዎች ፎርማት ሲደረጉ «ይህ ቦታ ከእንግዲህ አያስፈልግም» የሚል ትእዛዝ ሊደርሳቸው ይችላል። ከዚያ በኋላ ካርዱ ሲነበብ ባዶ ብቻ ሊመልስ ይችላል፤ ከባዶ ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር ምንም አያወጣም። ትእዛዙ መላክ አለመላኩ በካሜራውና በካርዱ ዓይነት ስለሚለያይ፣ በአንዱ ካሜራ የሠራ ዘዴ በሌላው ላይሠራ ይችላል። «እኔ ስንቴ አውጥቻለሁ» እያሉ ጀማሪውን የሚያደፋፍሩት ሰዎች ይህን አይነግሩትም። ሲከሽፍም ከሙሽሮቹ ቤተሰብ ፊት ቆመው የሚያስረዱት እነሱ አይደሉም። ይህ ያናድደኛል።

መደረግ ያለበት ካርዱን ወዲያው አውጥቶ ለብቻው ማስቀመጥና በሌላ ካርድ መቀጠል ነው። ሌላ ካርድ ከሌለ በስልክ መቅረጽ ይሻላል። ኤስዲ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ከመሰካቱ በፊት ጎኑ ላይ ያለችው መቆለፊያ ትቆለፍ፤ ዊንዶውስም ሆነ ማክ ካርድ ሲሰካባቸው ሳይጠየቁ የራሳቸውን ትንንሽ ፋይል ይጽፋሉና። ቀጥሎ ዲዲሬስኪዩን በመሰለ ሶፍትዌር ባዶ የሚመስለውን ቦታ ጨምሮ ካርዱን እንዳለ ሃርድ ዲስክ ላይ መገልበጥ፣ ፍለጋውንም በቅጂው ላይ ማካሄድ ነው። የተገኘው ፋይል መልሶ እዚያው ካርድ ላይ መቀመጥ የለበትም። ባትሪ አልቆ ያልተዘጋ ክሊፕ ከሆነ አንዳንድ ካሜራዎች ራሳቸው «ልጠግን?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚቻል ከሆነ ከግልበጣው በኋላ፣ በቀረጸው በዚያው ካሜራ እሺ ይባል። ያ ካልሠራ በዚያው ካሜራና በዚያው ሴቲንግ የተቀረጸ አንድ ጤነኛ ክሊፕ ይያዝ፤ እንደ አንትራንክ ያሉ መጠገኛዎች የተበላሸውን የሚያቃኑት ጤነኛውን አይተው ነው።

ሌሎቹ ተረቶች ብዙ አያቆዩንም። ኮምፒውተሩ «ካርዱ ችግር አለበት፣ ልጠግነው?» ሲል እሺ ማለት ክሊፑን አያድንም፤ ዊንዶውስ የሚጠግነው መዝገቡን ነው፤ ምስሉን ቆራርጦ ሲኤችኬ የሚል ቅጥያ ያላቸው ፋይሎች አድርጎ ሊተው ይችላል። የኤርፖርት ኤክስሬይ ካርድ አያጠፋም፤ ከውጭ ለሰርግ የመጡ ዘመዶች ቪዲዮውን ይዘው ሲመለሱ በዚህ ባይጨነቁ ደስ ይለኛል። ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ የተወረሰ ልማድ ነው፤ ለካርድ የሚያተርፈው እርጥበት ብቻ ነው።

«ኮፒ አድርጌዋለሁ፣ ስለዚህ አለ» የሚለው ግን ከበድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር ቶይ ስቶሪ 2ን ሲሠራ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ አብዛኛው ሥራ ተሰረዘ፤ መጠባበቂያው ሲከፈትም በትክክል እየሠራ እንዳልነበር ታወቀ። ፊልሙ የተረፈው ጋሊን ሱስማን የተባለች ባልደረባ ቤቷ ሆና ለመሥራት ቅጂ ይዛ ስለነበር ነው። በመሃል የተቋረጠ ኮፒም ፎልደር ውስጥ ስሙን ይዞ ሊታይ ይችላል። ካርዱ ከመጽዳቱ በፊት እያንዳንዱ ክሊፕ ተከፍቶ መጨረሻው ይታይ፤ ቅጂውም ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይሁን።

የሐሰት ካርድ ሲገጥም ደግሞ ማውጣት የሚባል ነገር የለም። ላዩ ላይ 256 የተጻፈበት ካርድ ውስጡ 32 ጊጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ የተቀረጸው ወይ በቀድሞው ላይ ይጻፋል ወይ የትም አይጻፍም፣ ካሜራው ግን ቀዩን መብራት አብርቶ መቁጠሩን ይቀጥላል። ኤች2ቴስትደብልዩ እና ኤፍ3 የተባሉት ነጻ ሶፍትዌሮች ካርዱን እስከ ጫፉ ሞልተው መልሰው በማንበብ ይህን ያጋልጣሉ። ትልቅ ካርድ ላይ ፍተሻው ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል በሰርጉ ዋዜማ ሳይሆን ካርዱ በተገዛበት ቀን ይጀመር።