ሐዋሳ ላይ ኮሮላ ይዞ መዝለቅ

ያገለገለ የቤት መኪና ሊገዙ ያሰቡ፣ ወይም የያዙትን «ልሽጣት ወይስ ላሳድሳት?» እያሉ የሚያመነቱ ሰዎች በውስጥ መስመር ደጋግመው ይጠይቁኛል። በተናጠል ከምመልስ፣ እዚህ ሐዋሳ ለዓመታት አንድ መኪና ይዘን ስንኖር የተማርነውን በአንድ ላይ ላስቀምጥላችሁ።

መኪናችን ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ በፈረንጆች 2004 የተሠራች፣ 1.3 ሊትር የቤንዚን ሞተርና ማንዋል ካምቢዮ ያላት። ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ እናቴን ሐኪም ቤት ታመላልሳለች፣ ለዘመድ ጥየቃ ይርጋለምና ዲላ፣ ለጉዳይ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ዛሬም በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች።

ስለ ጥገና አሁን መጻፍ የፈለግሁበት ምክንያት አለኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ዘለለ። ቤንዚንም በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ሊትሩ ከ100 ብር አለፈ። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የቻለ እሰየው፣ ይግዛ። አብዛኞቻችን ግን መጪዎቹን ዓመታት የምናልፈው አሁን ደጃችን ላይ በቆመችው መኪና ነው። የቤተሰብን ኪስ የሚያራቁተው ደግሞ የዘገየ ጥገና ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት ለመኪና ልክ ነው።

1. ሙቀት

ከሁሉም የማስቀድመው ይህን ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ተራ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል። ጤነኛ ሞተር ደግሞ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሠራል። ታዲያ ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን በግፊት ስለሚይዘው ነው። ግፊት ሲጨምር የመፍያው ሙቀትም ከፍ ይላል።

የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ሞላው ሲደክም ይህ መከላከያ ይጠፋል። ከተማ ውስጥ ደህና የነበረች መኪና ሰው ጭና ወደ ሻሸመኔ ሽቅቡን ስትይዝ ትፈላለች። ባለቤቷ ፓምፑን ያስቀይራል፣ ራዲያተሩን ያስጠርጋል። ከዚያ ሁሉ በፊት ክዳኑን አሳዩ፤ ከማቀዝቀዣው ክፍሎች ሁሉ ዋጋው ትንሹ እሱ ነው።

የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ለረጅም ጊዜ አትጠቀሙ። በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፣ ብረቱም ይዝጋል። ኩላንት ግዙ፤ ከተጣራ ውሃ ጋር በመመሪያው መጠን ቀላቅላችሁ ሙሉ፣ ቀለሙ ሲደፈርስም ቀይሩት።

ስለ ቴርሞስታትም ልናገር። «እኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ የሚጥል ሜካኒክ ብዙ ነው። የእኛንም አንድ ጋራዥ አውጥቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይጨርሳል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። አዲስ አስገጥመን ፍጆታው ተስተካከለ። ቴርሞስታት ከተበላሸ በአዲስ ይተካል እንጂ ቦታው ባዶ አይቀርም።

የሙቀት መለኪያው ከተለመደው ቦታ ሽቅብ ካለ ወዲያው ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑን በትኩሱ አትክፈቱ፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊትና እጅ ያቃጥላል። «ጥቂት ነው የቀረኝ» ብሎ መንዳት የአሉሚኒየም ቴስታታውን ያጣምማል። ያን ጊዜ ወጪው የክዳን መሆኑ ይቀርና የሞተር ይሆናል።

2. አቧራ እና ዘይት

ሐዋሳ ያረፈችው ከጥንት እሳተ ገሞራ በወጣ ደቃቅ አፈርና ቀላል ድንጋይ ላይ ነው። በበጋ ከአስፋልት ወጣ ስትሉ ወደ ቱላ መንደሮችም ሆነ ወደ አላሙራ ሥር ያ ዱቄት የመሰለ አቧራ ይነሳል። ሞተር ውስጥ ከገባ ሲሊንደርና ፋሻ ይበላል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር የአየር ፊልትሮውን አስወጡና እዩት። በአየር ማስነፋት ለጊዜው ይረዳል፤ ወረቀቱ ከጠቆረ ወይም ከተቀደደ ግን መቀየር ነው።

ዘይት እኛ በየ5,000 ኪሎ ሜትር እንቀይራለን፤ ከነፊልትሮው። ውፍረቱን የሚወስነው የመኪናው መመሪያ ነው። አዳዲሶቹ የኮሮላ ሞተሮች፣ የእኛም ጭምር፣ ታይሚንጋቸው በሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ የሚኖረው በንጹሕ ዘይት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ኮሮላዎች፣ ለምሳሌ ባለ 2ኢ ሞተሮቹ፣ ታይሚንጋቸው በቺንጋ ይዞራል። ቺንጋ በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ይቀየራል፤ እስኪበጠስ አይጠበቅም። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ መቼ እንደተቀየረ የሚነግራችሁ ከሌለ፣ ዛሬውኑ አስቀይሩት።

3. እግር፣ ጎማ እና ፍሬን

ኮብልስቶኑና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታው መጀመሪያ የሚጎዱት ጎሚኒውን፣ ቦል ጆይንቱንና ሾክ አብዞርበሩን ነው። ጉብታ ላይ «ኳ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሬዲዮ አትጨምሩበት፤ አሳዩት። አንድ የላላ ቦል ጆይንት ጎማውን በአንድ ጎኑ ይበላዋል፣ ጥገናው ከተረሳም ተነቅሎ መኪናዋን መንገድ ላይ ሊጥላት ይችላል።

ጭነትም ቁምነገር ነው። ለታኅሣሥ 19 ገብርኤልና ለፍቼ ጨምበላላ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ዘመድ ሁሉ መኪና ያለው ቤት ላይ ዐይኑን ይጥላል። ኮሮላ የአምስት ሰው መኪና ናት። ሰባት ሰው ጭኖ፣ ኮፈን ውስጥ የጤፍ ኩንታል ጨምሮ መሄድ ፍሬኑንም ሾክ አብዞርበሩንም ከአቅም በላይ ያሠራል። እኛ ቤት ሁለት ዙር እንመላለሳለን፤ እንግዳው ይጠብቃል።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ ያረጀ «አዲስ» ጎማ አትግዙ። የፍሬን ሸራ ብዙዎቻችን እናሳያለን፤ የፍሬን ዘይቱን ግን እንረሳለን። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ያለው ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፍሬኑ ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩት።

4. ነዳጅ

ሰልፉ ያሰለቻል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን አትቅዱ። ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፤ የነዳጅ ፓምፑንና ኢንጀክተሩን ሊጨርስ ይችላል። ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ መቅዳት የለመደ ሰው የሃይላንድ ደንበኛ አይሆንም።

5. ደብተር እና ቁጠባ

መኪናችን ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተሠራው ሥራ፣ የተገጠመው ዕቃ ኦርጂናል ይሁን ኮፒ፣ ዋጋው ይጻፍበታል። ሜካኒክ ስንቀይር ሥራው ከዜሮ አይጀመርም፣ አንድ ዕቃ ሁለቴ አይከፈልበትም። ስንሸጥም ለገዢው ከማንኛውም ምላስ በላይ ይናገራል። አሮጌውን ዕቃ ሁልጊዜ ተቀበሉ፤ በእርግጥ መቀየሩን የምታዩት በእሱ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ባለቤቴ ጥቂት ብር ለብቻው ወደ ተከፈተ ሂሳብ ትልካለች። ክላውዶ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ሲደርስ፣ ጎማ ሲያልቅም ከዚያ ይወጣል። የወር ደመወዝ አይነካም፣ ብድርም አይጠየቅም።

ልሽጥ ወይስ ላሳድስ?

ለብዙዎቻችሁ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። አካሏ ካልበሰበሰ፣ በአደጋ ካልተጣመመች፣ ሊብሬዋም ንጹሕ ከሆነ አሳድሷት። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይሠራል፣ የኮሮላ መለዋወጫ ደግሞ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ እስከ ሐዋሳ ሱቆች ይገኛል። ወለሏና ምሰሶዋ በዝገት የተበላ መኪና ግን ቤተሰብ አይጫንባትም፤ ያንን ወጪ ተዉት።

እስከ መጪው እሑድ አንድ ነገር አድርጉልኝ፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ጎማውንና የውሃውን ቀለም ተመልከቱ፣ ከዚያም የመጀመሪያውን መስመር ደብተር ላይ ጻፉ። ያያችሁትን አስተያየት ላይ አስቀምጡ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። መኪና ላለው ዘመዳችሁም አካፍሉት።