ከወንዛዬ ወደ ጉና፤ ሁለት ሆኖ ተራራ ስለ መውጣት

ወንዛዬ ማለት ከፎገራ ሜዳ አጠገብ በጉማራ ወንዝ ዳር የሚገኝ ፍል ውሃ ነው። ሕመምተኛው ለፈውስ፤ ጤነኛውም ለዕረፍት ይሄድበታል። በጥር 2015 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ እኛም ሁለት ባልንጀሮች ድካማችንን ለመጣል ወደዚያው ወረድን። ታጥበን ስናበቃ ከወንዙ ዳር ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋር ወግ ገጠምን። «አባቴ፤ ይህ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» ብለን ብንጠይቃቸው፤ «ፍሉ ከመሬት ሆድ ነው፤ ወንዙ ግን ከጉና ነው የሚመጣው» ብለው በከዘራቸው ወደ ምሥራቅ አመለከቱን። እኛም ያን ጊዜ ተያየንና «ነገ ጉናን ወጥተን በዚያው ቀን እንወርዳለን» አልን። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ቃል የተናገርነው እግራችን ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሳለ መሆኑን ልብ ይሏል።

እውነቱን አስቀድመን ለመናገር ያህል፤ የጉናን ጫፍ አላየነውም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ጀብዱ ለመተረክ የተጻፈ አይደለም። ዳሩ ግን ከጫፉ በታች ያስመለሰን ምን እንደ ሆነ፤ ባልንጀራ ይዞ ተራራ መውጣትስ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ብናስረዳ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

በመጀመሪያ ጉና ምን ዓይነት ተራራ እንደ ሆነ እንመልከት። ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ አልፎ በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደው መንገደኛ ጉናን በቀኝ እጁ ያየዋል። ቁመቱ በብዙ መጻሕፍት 4,231 ሜትር ተብሎ ቢጻፍም፤ በኋላ የተደረጉት ልኬቶች ከ4,100 ሜትር ጥቂት ብቻ ከፍ እንደሚል ያሳያሉ። የመሬት ጥናት ሊቃውንት እንደሚሉት ጉና ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የሞተ እሳተ ገሞራ ሲሆን፤ 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም ከሚሆነው ከስሜን ጋር ሲመዛዘን ገና ልጅ ነው። ከውስጡ የወጣው ቅልጥ ድንጋይ ቀጭን ስለ ነበረ እንደ ሊጥ ርቆ ፈሰሰ፤ በላዩም ሌላ ተደረበበት። ከዚህም የተነሣ ተራራው እንደ አክንባሎ ሰፊና ዝርግ ሆነ። በአዲስ ዘመን አቅራቢያ በጎንደር መንገድ ዳር እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የቆመው አሞራ ገደል ግን ሌላ ነው፤ እንደዚያ ያለው ዓምድ ገመድና ሙያ ላለው ሰው እንጂ ለእኛ አይሆንም።

ዝርግ ተራራ የዋህ ይመስላል። ነገር ግን ሰውን የሚያታልለው ይኸው ዝርግነቱ ነው። ከታች ሆኖ የሚታየው አፋፍ ጫፍ ይመስላል፤ እዚያ ሲደርሱ ከኋላው ሌላ አፋፍ ብቅ ይላል፤ ከዚያም በኋላ ሌላ። እኛ ሦስት ጊዜ «ደረስን!» ብለናል፤ ሦስት ጊዜም አፍረናል።

የመጀመሪያው ስሕተታችን ከዳገቱ በፊት የተሠራ ነው። ይኸውም ከሜዳው ተነሥተን በአንድ ቀን ወደ ተራራው ራስ ለመድረስ መፈለጋችን ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 80 እጅ ይሆናል፤ በጉና ራስ ግን ወደ 60 እጅ ይወርዳል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ ዳሩ ግን አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ያንሳል። የሰው ገላ ይህን ይለምዳል፤ ለመልመድ ግን ቀን ይፈልጋል። ከ2,500 ሜትር በላይ በችኮላ የወጣ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ያዞረዋል፤ ምግብም ያስጠላዋል። ጉልበተኛ ነኝ ማለት አያድንም፤ እንዲያውም ጉልበተኛው ፈጥኖ ስለሚወጣ ፈጥኖ ይያዛል። መድኃኒቱ አስቀድሞ ደብረ ታቦር ላይ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ማደር ነው። ከተማዪቱ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ገላን ታለማምዳለች። ከያዘ በኋላ ግን ዋነኛው መድኃኒት መውረድ ነው። ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 ሜትር ዝቅ ማለት ሰውየውን ይመልሰዋል። ሕመሙ ሳይለቀው ወደ ላይ የቀጠለ፤ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ያጠረው፤ ወይም እንደ ሰካራም የተንገዳገደ ሰው ግን ሕይወቱ በአደጋ ላይ ነው።

ሁለተኛው ስሕተታችን የሰዓት ነው። ከወንዛዬ ወጥተን፤ መኪና ጠብቀን፤ ወረታ ላይ ሌላ መኪና ቀይረን፤ እግራችን መውጣት የጀመረው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነበረ። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ሰው በ1892 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጣው የተራራ ሒሳብ አለ። ለ5 ኪሎ ሜትር ጉዞ 1 ሰዓት ይቆጠራል፤ ለ600 ሜትር አቀበት ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ይጨመራል። ለምሳሌ 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ 900 ሜትር ለሚወጣ ሰው 2 ሰዓት የመንገዱ፤ 1 ሰዓት ተኩል ደግሞ የዳገቱ፤ በድምሩ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህ እንግዲህ ዕረፍትን፤ የአየሩን መሳሳትና መንገድ መሳትን ሳይጨምር ነው። እኛ ግን ሒሳቡን ያወቅነው ከተመለስን በኋላ ነው። በአገራችን ቀኑ በጋም ክረምትም ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አውራ መንገዱ ላይ መገኘት የሚፈልግ ሰው የመመለሻውን ሰዓት ከታች ሆኖ ሊቆርጥ ይገባዋል። ለማለዳ ተነሺ ቀትር 6 ሰዓት ደግ ነው። ያ ሰዓት ሲደርስ ጫፉ የድንጋይ ውርወራ ያህል ቢቀርም እንኳ ይመለሷል።

በማሳው መካከል ያለው መንገድ ቀላል ነበረ። ገብስና ድንች የሚያበቅሉት ገበሬዎች ሰላምታችንን በደስታ ተቀብለው፤ ውሻቸውን ይዘው፤ አቋራጩን አሳዩን። ከማሳው በላይ ጓሳና ጅብራ ይጀምራል። ከዚያም እኛ የመረጥነው አንድ የድንጋይ ተረተር ነበረ፤ በዙሪያው የሚሄደውን የእረኞች መንገድ ትተን «በዚህ ይቀርባል» በማለት ነው። እዚህ ላይ እግር ብቻ አልበቃ ብሎ በእጅም መቧጠጥ መጣ። ስለ መቧጠጥ የተማርነው ይህ ነው።

አንደኛ፤ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ምን ጊዜም ተደላድለው መያዝ አለባቸው፤ የሚንቀሳቀሰው አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛ፤ ድንጋይን ከማመን በፊት መታ መታ ማድረግ ይገባል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቋጥኝ ከተራራው ጋር ተለያይቷል። ሦስተኛ፤ ባልንጀራ ከባልንጀራው በታች በቀጥታ አይቁም፤ ጎን ለጎን ወይም ሰያፍ ይሁን። ድንጋይ ያመለጠውም ይቅርታ ከመጠየቁ በፊት «ድንጋይ!» ብሎ ይጩኽ። አራተኛ፤ ሊወርዱበት የማይችሉትን አይውጡ። ሲወጡ መያዣው በዓይን ፊት ነው፤ ሲወርዱ ግን እግር የሚረግጠውን ዓይን አያየውም። ስለዚህ አሥር እርምጃ በወጣን ቁጥር ዞር ብለን «በዚህ እንወርዳለን?» ብለን መጠየቅ ነበረብን። አልጠየቅንም።

ከተረተሩ በላይ ስንደርስ ከሁለታችን አንዱ ዝም አለ። መጀመሪያ ራሱን፤ ቀጥሎ ሆዱን አመመው፤ ያቀረብንለትን በሶ አልፈልግም አለ። ሌላው ግን ያን ጊዜ ጫፉን ብቻ ነበር የሚያየው። «ትንሽ ነው የቀረን፤ በርታ እንጂ!» አለው። የታመመውም እንዳያሳፍር ብሎ «ደኅና ነኝ» አለ። አንባቢ ሆይ፤ በዚያ ተራራ ላይ ከድንጋዩም ከብርዱም ይልቅ የሚያስፈራው «ደኅና ነኝ» የምትለዋ ቃል ነበረች። አንዱ በፍላጎት ሁለተኛው በይሉኝታ፤ ሁለታችንም እየተዋሸን ከግማሽ ሰዓት በላይ ወጣን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ስለ እኛ ነው።

ያስቆሙን ጋቢ የለበሱ አንድ የበግ እረኛ አዛውንት ናቸው። ፊቱን አዩትና «ልጆቼ፤ ይህ ልጅ ተይዟል። ጉሙም እየወረደ ነው፤ ጉም ከወረደ እኛም አገሬዎቹ መንገዱ ይጠፋናል» አሉን። ሰዓቱ 9 ሆኖ ነበር። ተረተሩን ዳግመኛ እንዳንነካው ነግረውን በእረኞቹ መንገድ እስከ ማሳው አፋፍ ሸኙን። ገንዘብ ብንሰጣቸው እንቢ አሉ፤ ከበሷችን ግን ቀመሱልን። ማሳዎቹ አጠገብ ስንደርስ የታመመው ባልንጀራችን ራሱን ለቀቀው፤ አውራ መንገዱን ስንረግጥ ግን ጨለማው ወድቆ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኖ ነበር። በተረተሩ ላይ ወርደን ቢሆን ኖሮ በጨለማ ገደል ስንፈልግ በተገኘን ነበር።

እንግዲህ ባልንጀራ ለምን ይያዛል? ብዙዎቻችን ለጨዋታ፤ ለድፍረትና ጭነት ለመካፈል ይመስለናል። እኛ ግን አንድ ሰው በራሱ ላይ የማያየውን የሚያይለት እንዲኖር ነው እንላለን። የተሳሳ አየር ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስደው ማስተዋልን ስለ ሆነ፤ የታመመው ሰው ስለ ራሱ ጥሩ ዳኛ አይደለም። ስለዚህ ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ሕግ አውጥተናል። በየሰዓቱ ቆመን እርስ በርስ እንጠያየቃለን፤ የሚጠየቀውም «ደኅና ነኝ» በማለት አያልፍም፤ ራሱን፤ ሆዱን፤ ትንፋሹን አንድ በአንድ ይናገራል። ሁለተኛው፤ አስቀድሞ «እንመለስ» ያለው ሰው ክርክር ሳይገጥመው ያሸንፋል። ምክንያት አይጠየቅም፤ በኋላም በወግ መካከል አይነሣበትም። «ቀጥል» ለማለት የሁለት ሰው ቃል ያስፈልጋል፤ «ተመለስ» ለማለት ግን የአንዱ ይበቃል።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ጥቂት እንጨምር። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀንስ፤ በወረታና በጉና ራስ መካከል 15 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ፤ የዝናብ ልብስ፤ የማያንሸራትት ጫማ፤ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ፤ በሶና ቆሎ፤ የእጅ ባትሪና ዱላ ይያዝ። ወራቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ይሁን፤ በክምር ድንጋይ ላለ ሰው መሄጃንና የመመለሻ ሰዓትን መንገር አይረሳ። ከሁሉ በላይ ግን የአገሩን ሰላም መጠየቅ ይቀድማል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ውጊያ ስለ ነበረ ከመሬት የወደቀ ያልታወቀ ብረት አይነካ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ስለ ተነሣ፤ የአገሬው ሰው «አሁን አትምጡ» ካለ ጉዞውን ማቆየት ነው። ይህም ቢሆን «እንመለስ» እንደ ማለት ነው፤ ክርክር የለበትም።

በማግሥቱ ወደ ወንዛዬ ወርደን ያን የደከመ ጉልበታችንን ከፍሉ ውሃ ነከርነው። ጉማራ በአጠገባችን ወደ ጣና ይወርድ ነበር። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ወገብ ተነሥተው በየክረምቱ አፈሩን ተሸክመው ፎገራ ላይ ያራግፋሉ፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ የሚበቅልበት ያ ጥቁር ሜዳ የተሠራው ከዚሁ ነው። ሽማግሌው ዛሬም ከቦታቸው ነበሩ። «እህ፤ ደረሳችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። «አልደረስንም፤ አባቴ» አልናቸው። ዝም ብለው አንድ አፍታ ሁለታችንንም ተመለከቱና፤ «ሁለት ሆናችሁ ሄዳችሁ ሁለት ሆናችሁ ከተመለሳችሁ ደርሳችኋል» አሉን።

ጉና እንዳለ አለ። ሰላም ሲሆን ሁለት ሌሊት ደብረ ታቦር አድረን፤ በማለዳ ተነሥተን፤ በእረኞቹ መንገድ እንወጣዋለን።